ዳገት አስወጥተሽ እዪው

ባለፈው እሑድ ወልቂጤ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገዱ ለብስክሌት ውድድር ተዘግቶ ስላገኘሁት፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ከሕዝቡ ጋር ቆምኩ። ብስክሌተኞቹ አንድ በአንድ፣ በመሀላቸው ጊዜ እየተሰጠ ወደ ዳገቱ ይለቀቃሉ፤ ባለፉ ቁጥር የሞቀ ጎማና የካቴና ቅባት ሽታ አፍንጫዬ ሥር ይቀራል። አጠገቤ የቆሙ ሁለት ወጣቶች አሸናፊውን በብስክሌቱ ዘመናዊነትና በባቱ ውፍረት እየመረጡ ሲከራከሩ ቆይተው፣ አንደኛው ለጨዋታ ያህል ዞር ብሎ «ማዘር፣ እርስዎስ ማንን ይላሉ?» አለኝ። እኔም ሳላስበው ከንፈሩን ገጥሞ ወደሚያልፍ አንድ ቀጭን ልጅ አመለከትኩ፤ ያመለከትኩት እንኳ እንደ ሀጂ ኑሪ በአገጬ ነበር።

ሀጂ ኑሪ ቡታጅራ ዳር፣ የከተማው ቤት አልቆ መንገዱ ወደ ዘቢዳር ተራራ መውጣት በሚጀምርበት ቦታ፣ የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። ሥራቸው የበሬ ንግድ ነው። ሰው ሊገዛ ያሰበውን በሬ ደጃቸው ድረስ እየነዳ አምጥቶ ምክራቸውን ይጠይቃል፤ እሳቸው ግን ስለቆመ በሬ አንድ ቃል አይወጣቸውም። «ቆሞማ ሁሉም ያምራል፤ ዳገቱን አስወጥተህ አምጣው» ይሉና፣ በሬው ወጥቶ ሲመለስ ቀንዱንም ታፋውንም ትተው አተነፋፈሱን ብቻ አይተው ይፈርዳሉ። አባቴ አንድ ጊዜ ሳያማክራቸው በቀንዱ ተማርኮ የገዛው በሬ እርሻ መሀል እየተኛ ስላሳፈረው፣ ከዚያ ወዲያ ዶሮ ሲገዛ እንኳ ሀጂን ይጠራ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ድንቁ በዚያ ዘመን የከተማው የብስክሌት ጀግና ነበር። ወደ እንሴኖ በሚወስደው ሜዳ ጓደኞቹን ከኋላ እያባረረ ሲበር፣ ሰፊ ጀርባው ላይ ሸሚዙ እንደ ሸራ ይነፋል፤ ሰው ሲያየው ደግሞ ይብስበታል፣ ልጃገረዶች ውኃ በሚቀዱበት ቦንባ በኩል ሲያልፍማ መሪውን ለቆ ነበር የሚነዳው። አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ የዳገት ክሮኖ ሜትር ሊካሄድ ነው ተባለ። ቃሉን ያኔ ነው የሰማነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ተለቅቆ፣ ከእኛ ሰፈር ተነሥቶ ሦስቱን ዳገቶች እስኪወጣ ሰዓት ይያዝለታል ማለት ነው። ሁለቱ ፈጣኖች አዲስ አበባ ተወስደው ይሞከራሉ ስለተባለ፣ ድንቁ ገና ሳይወዳደር ከአጎታችን ሻንጣ ተውሶ አልጋው ሥር አስቀመጠ።

ልምምዱ በደጃችን ያልፍ ስለነበር እኔና ሀጂ ከአጥራቸው ሥር በተጋደመ የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተቀምጠን፣ ከትምህርት ቤት መልስ ሳምንቱን ሙሉ ስናይ ሰነበትን። ዕድሜዬ አሥራ ሁለት ቢሆን ነው። የሳይንስ ደብተሬን ከኋላ ገልብጬ የብስክሌተኞቹን ስም ስጽፍ፣ እሳቸው እርጥቡ ቀይ አፈር ላይ በከዘራቸው እየጫሩ ያስተምሩኛል። «ባቱን ተዪው፣ አፉን እዪ። የመጀመሪያው ዳገት ላይ አፉን የከፈተ፣ ሦስተኛው ላይ ምን ሊከፍት ነው?» ትከሻውን የሚያወዛውዝ ጉልበቱን በከንቱ ይበትናል፤ አናቱ ላይ ሲደርስ እፎይ ብሎ መርገጡን የሚያቆም ደግሞ በልፋቱ ያተረፈውን ሰዓት እዚያው ይጥላል። አንደኛ ያስጻፉኝ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረውን ሸምሱን ነው፤ በየቀኑ ለላይ ሰፈር ሱቆች ስኳርና ሳሙና በብስክሌት የሚያደርስ፣ ፍሬኑ ስለተበላሸ በጫማው ሶል የሚያቆም ቀጭን ጎረምሳ።

ድንቁ ላይ ስንደርስ ግን ሀጂ አፈሩ ላይ የጫሩትን በከዘራቸው አጠፉት።

«ወንድምሽ ጎበዝ ነው፣ ወላሂ። ግን ከፊቱ የሚያባርረው ሰው ይፈልጋል። ዳገቱ ላይ ብቻውን ነው የሚሆነው። ስድስተኛ በዪው።»

እንዳሉኝ ጻፍኩ። አጠገቡም እንደ ሌሎቹ ምክንያቱን አሰፈርኩ፦ ሲጀምር ይቸኩላል፤ ብቻውን ሲሆን ይሰንፋል።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ድንቁ ቁራጭ ወረቀት ፈልጎ ደብተሬን ገለጠው። እናታችን ፊት ቆሞ የራሱን መስመር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበና «አንቺ እህት ነሽ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። አንድ ትሪ ከበን እየበላን እንኳ ከእኔ የሚፈልገውን በእናታችን በኩል ይጠይቃል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጓደኞቹን ሳይጠራ፣ ጉሙ ሳይነሣ ብቻውን ወደ ዳገቱ ይወጣ ጀመር። 

የውድድሩ ዕለት እኔና ሀጂ ሦስተኛው ዳገት አናት ላይ ቆምን። ባሕር ዛፉ ሌሊት የጠጣውን ዝናብ ያንጠባጥባል። ሸምሱ ሳሙና ሊያደርስ የሚሄድ ይመስል ረጋ ብሎ አለፈ። የሜዳ ፈጣኖቹ አፋቸውን ከፍተው፣ እየተወላገዱ ተከተሉት። ከዚያ ድንቁ መጣ፤ ከንፈሩ ግጥም፣ ትከሻው ጭጭ ያለ፤ እኛን አላየንም፣ አናቱንም ሲያልፍ መርገጡን አላቆመም። ሀጂ ቀስ ብለው «ማሻአላህ» አሉ።

ሸምሱ አንደኛ፣ ድንቁ ሁለተኛ ሆኑ። የደብተሬን ወሬ የሰማው ሰፈርተኛ «ሀጂ ዛሬ ተሳሳቱ!» እያለ ሲያበሽቃቸው፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። «በሬ ስለ እሱ የተባለውን አይሰማም፤ ሰው ይሰማል። እኔ ይህን ረሳሁ» አሉኝ። ማምሻውን ድንቁ ግንዱ ላይ አጠገቤ ተቀመጠና፣ ጭቃ የነካ ጉልበቱን እያሻሸ፣ «የማባርረው ሰው አልነበረኝም፤ ያንቺን ስድስት ቁጥር እያባረርኩ ወጣሁ» አለ። እኔ አለቀስኩ፣ እሱ ሳቀ።

ሸምሱ «ለሱቆቹ ዕቃ ማን ያደርስላቸዋል?» ብሎ አዲስ አበባ አልሄደም። ድንቁ ሄደ፤ ዓመት ያህል ሞክሮት ብስክሌቱን ተወና መርካቶ ገብቶ ነጋዴ ሆነ፣ ዛሬ ደረጃ መውጣት እንኳ አይወድም። እኔ ደግሞ አስተማሪ ሆኜ ወልቂጤ ተመደብኩ፣ አግብቼም ቀረሁ። በሥራ ዘመኔ ስለ ተማሪዎቼ ብዙ ፈርጃለሁ፤ አንዱንም ግን ሀጂ ያንን ሳምንት ብስክሌተኞቹን ባዩበት ትዕግሥት ያየሁ አይመስለኝም።

የሀጂን ሞት የሰማሁት ከተቀበሩ ከወር በኋላ ነው። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ልጃቸው ዘይነባ እንደነገረችኝ፣ በመጨረሻ ዓይናቸው ጠፍቶ ግንዱ ላይ ይቀመጡ ነበር። ብስክሌት ባለፈ ቁጥር ጆሯቸውን ለነጂው ትንፋሽ አቅንተው «ይሄስ ጎበዝ ነው፤ ማነው?» ይላሉ። «እኛ ደግሞ የልጆቹን ስም ከየት እናውቃለን፤ ዝም እንላቸዋለን» አለችኝ።

እኔም አላውቃቸውም። ግን እዚያ ብሆን ሮጬ ስሙን ጠይቄላቸው እመጣ ነበር። ከወልቂጤ ቡታጅራ የግማሽ ቀን መንገድ ብቻ ነበር፤ አልሄድኩም።