የሳቀችው ሙሽራ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ በሙሉ «ሙሽሪት» ነው የሚላት። አግብታ፣ ልጅ አሳድጋ፣ ፀጉሯ ሸብቶ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ እንግዳ «ሙሽሪት አለች?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ከስፌት መኪናው ኋላ ብቅ ትላለች። ሰውየው ግራ ይጋባል። እሷማ ድሮም ግራ እንደገባት ነው።

ነገሩን ያመጣው ፊልም ነው። ገና ወጣት ሳለች የምትሠራበት ስፌት ቤት ከፊልም ሠሪዎች የሙሽራ ቀሚስ ትእዛዝ ተቀበለ። ሙሽራዋን ሆና የምትጫወተው ልጅ ለልኬት መመላለሱ ሰለቻትና «ቁመታችን እኩል አይደል? በራስሽ ላይ ለኪው» ብላት ቀረች። ቀሚሱም በልብስ ሰፊዋ ገላ ልክ ተሰፋ። በቀረጻው ቀን ቀሚሱን በክንዷ ታቅፋ አዳራሹ ስትደርስ፣ ልጅቷ ደረጃ ላይ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ወልቋል፤ ዳይሬክተሩ ፀጉሩን ይነጫል። ቀሚሱን አየ፣ እሷን አየ።

«ልበሺው» አላት።

«እኔ?»

«ባንቺ ልክ የተሰፋ አይደል እንዴ! የምትናገሪው ቃል የለም። ሙሽራው ጥሎሽ ሲሮጥ አበባሽ ላይ ተደፍተሽ ታለቅሻለሽ፤ አለቀ።»

«ለቅሶማ አያቅተኝም» አለች፤ እውነቷን ነበር። ቀሚሱን ለብሳ ስትጨርስ ከፍርሃቷ የተነሣ እንኳን ታዝዛ ሳትታዘዝም ማልቀሷ አይቀርም ነበር።

ፊልሙን ያላየ ሰው የለም። አንድ የሰዓት ጠጋኝ የሚወዳት ልጅ ደጋግማ ወደ ሱቁ እንድትመጣ ሲል ሰዓቷን እያወቀ ያበላሽባታል። ልጅቷ ሥራ እየዘገየች ከአለቃዋ ትጣላለች፤ እሱን «ሙያ የሌለው!» እያለች ትወርድበታለች፤ እሱ ሰዓቱን ተቀብሎ አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል። በመሀል ዘመዶቹ ሌላ ሙሽራ አግኝተውለት ይደግሳሉ። መሪ ተዋናዩ ረጅም ነው፤ እጆቹን ከጎረቤት የተዋሳቸው ይመስል የት እንደሚያደርጋቸው አያውቅም፣ አንዴ ኪሱ፣ አንዴ ጭንቅላቱ ላይ። መሪ ተዋናይቷ እንደ ወፍጮ ሳታቋርጥ እያወራች ድንገት ዝም ስትል፣ ሲኒማ ቤቱ ሁሉ አብሯት ትንፋሹን ይይዛል። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገኙ ምንም ሳያደርጉ ሰው በሳቅ ይሞታል ይባል ነበር።

ይሁንና ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው ሙሽራዋን ነው። አጋቢው ሹም «ፈቅደሃል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሙሽራው እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ «ይቅርታ» አለና አዳራሹን ሰንጥቆ ሮጠ። ልብስ ሰፊዋ አበባዋ ላይ ተደፋች። ያኔ ሳቋ መጣ። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በትከሻዋ፣ በመጨረሻ ሆዷን ይዛ፣ አክሊሏ ዓይኗ ላይ እስኪወርድ ሳቀች። ዳይሬክተሩ «ቁረጥ!» አላለም። ፊልሙ በወጣ ጊዜ ያ ሳቅ አገሩን አዳረሰው።

«ምን አሳቀሽ?» ያላላት ሰው የለም። አንዱ «ሰውየው ሞኝ እንደሆነ አውቃ ነው» ሲል፣ ሌላው «ስለ ወደደችው ነው፣ ሐዘን ሲበዛ ያስቃል» ይላል። እሷ ራሷ አታውቅም። «እኔ እንጃ» ስትል ትሕትና ይመስላቸዋል።

ከዚያ አንድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር መጣ። የጃኬቱ ዚፕ ተበላሽቶበት ስፌት ቤቱ ገባና «የሳቅሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አላት። አፈረችና ሳቀች። በማግስቱ ደግሞ ያለ ዚፕ ምክንያት መጣ። ወዳጅነቱ ወደ ጋብቻ ሲያመራ አንድ ነገር በሆዷ ገባ፦ ይህ ሰው የሚያገባው እኔን ነው ወይስ ያችን? በሠርጓ ቀን እንግዳው ሁሉ አሁን ትስቃለች፣ አሁን ትስቃለች ብሎ አንገቱን አስግጎ ሲጠብቅ፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አማቷ «ልጄን ሳትወደው ነው እንዴ?» ብለው ተቀየሟት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ለባሏ ሳቂታ ሆና ኖረች። ሲነጫነጭ ትስቃለች፣ መንገድ ላይ አድሮ ሲመጣ ትስቃለች። እንባ የመጣባት እንደሆነ ጓዳ ትገባለች። አማቷ ባረፉ ጊዜ እንኳ፣ የወደደቻቸውን ሴትዮ ጓዳ ገብታ ካለቀሰች በኋላ ፊቷን ታጥባ ፈገግ ብላ ወጣች። ፊልሙ በቴሌቪዥን ሲመጣ ግን ተሽቀዳድማ ታጠፋዋለች። ልጇ «እማ፣ ምናለ ብናየው?» ስትላት «የኔን ጥርስ ስትቆጥሪ ልታመሺ ነው?» ብላ ታልፈዋለች።

በዚህ ዓመት ፊልሙ ታድሶ በትልቁ ሲኒማ ቤት በቀን እንዲታይ ተደረገ፤ የተጫወቱበትም ሁሉ ተጠሩ። ልጇ እጇን ይዛ፣ ባሏ ከኋላ ሆኖ፣ በግድ ወሰዷት። ያኔ «አለ» ይባል የነበረው ዳይሬክተር አሁን «አሉ» የሚባሉ ባለ ከዘራ አዛውንት ሆነዋል። ከፊልሙ በፊት የተጠሩትን ሁሉ መድረክ ላይ አወጧቸውና «ሙሽራዋን ምን አሳቃት?» የሚለው የማይቀረው ጥያቄ መጣ።

«እኔ ነኝ ሳቂ ያልኳት» አሉ ዳይሬክተሩ። «በጆሮዋ።»

«ኧረ እግዜር ይይልህ!» አለች መሪ ተዋናይቷ፤ አሁንም እንደ ወፍጮ ነበረች። «ከካሜራው ኋላ ሆኜ ምላሴን ያወጣሁባት እኔ አይደለሁም?»

መሪ ተዋናዩ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ልሮጥ ስል ሱሪዬ ከኋላ ተቀደደ። እሷ ነች ያየችው።»

ሦስቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ማይክሮፎኑ እሷ ዘንድ ደረሰ። ዳይሬክተሩ በጆሮዋ ሲናገሩ ይሰማት ጀመር፤ ምላሱም፣ ሱሪውም በዓይኗ ይታያት ጀመር፤ የቱ ትዝታ፣ የቱ አሁን የተነገራት እንደሆነ መለየት አቃታት።

«እኔ እንጃ» አለች። አዳራሹ በጭብጨባና በሳቅ ተናጋ።

መብራቱ ጠፋ። ከብዙ ዘመን በኋላ የራሷን ፊት አየችው። ያቺ ልጅ ከመሳቋ በፊት ዓይኗን ወደ ጎን ወርወር ታደርጋለች። ምን አየች? ማንን? ከምስሉ ውጭ ነው፤ አይታይም። ከጎኗ ባሏ ሆዱን ይዞ ይንፈራፈራል። እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም።

ሲወጡ ልጃቸው ከተዋናዮቹ ጋር ፎቶ ልትነሣ ቀረች። ሁለቱ ፀሐዩ ላይ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ለካ እንዲህ የሚያስቅ ነው!» አለ ባሏ ዓይኑን እየጠረገ።

«ለካ ማለት?»

«አላየሁትማ። ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

የቀለደ መስሏት ጠበቀች። አልቀለደም። ፊልሙ ሲወጣ እሱ መንገድ ላይ ነበር፤ ሰው አፍ ለአፍ ሲተርከው ሰምቶ ሰምቶ ያየው ያህል ሆነበት። በቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ የምታጠፋው እሷው ናት።

«ታዲያ ስፌት ቤት መጥተህ 'የሳቅሽው አንቺ ነሽ' ያልከኝ?»

«ረዳቴ ነዋ የነገረኝ። 'እንዲህ በላት፣ ደስ ይላታል' አለኝ። እኔ የመጣሁት ለዚፑ ነው።»

«በማግስቱስ?»

«ላንቺ» አለ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ። ከዚያ ጫማውን እያየ ጨመረ፦ «እናቴ ያረፈች ቀን ከጓዳ ፈገግ ብለሽ ስትወጪ ግን ከፍቶኝ ነበር። ምን ዓይነት ሴት ናት አልኩ። በኋላ፣ ፍጥረቷ ነው ብዬ ተውኩት።»

ደሟ ፈላ። በማን ላይ እንደሆነ ግን አላወቀችም። «ላንተ ብዬ እኮ ነው!» አለች። «የሳቀችዋን ነው የወደደው ብዬ!»

«እኔ መቼ ሳቂ አልኩሽ?»

እውነትም አላላትም። ፊቷን አዞረችበት። ልጃቸው ፎቶዋን ይዛ ስትመጣ ሁለቱም ደረጃው ላይ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠው አገኘቻቸውና፣ ማን ማንን እንዳስቀየመ ብትጠይቅ የሚነግራት ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ግራ የገባው ቤት ሆነ። ሙሽሪት መሳቋን ተወች፤ ባሏ ፊቷን ባየ ቁጥር «አኩርፈሻል?» ይላል። «አላኮረፍኩም፣ ፊቴ ነው» ትለዋለች። አንዳንዴ እውነት የሚያስቅ ነገር ሲያወራ ሳቋን ልትለቀው ትልና፣ የራሷ ይሁን የዚያች ልጅ ስለማታውቅ ትይዘዋለች። እሱም ቀልዱ እንዳልሠራ አስቦ ይደግመዋል፤ ሲደግመው ይበላሻል።

በአንድ እሁድ ተሲያት መስኮት ይከፈት አይከፈት በሚል ተጣሉ፤ በትዳራቸው የመጀመሪያው የምር ጠብ ነበር። በመሀል እንባዋ መጣ። ጓዳ ልትገባ ተነሣችና እንደገና ተቀመጠች፤ እዚያው ሳሎን፣ እፊቱ አለቀሰች። ሹፌሩ ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ ያላየው ነገር ስለሆነ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሮጦ ገብቶ ፎጣ ይዞ መጣ።

«ላብስልሽ ወይስ ልተውሽ?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለች።

ፎጣውን ጉልበቷ ላይ አኖረና ከጎኗ ተቀመጠ። የምታለቅሰው ለእናቱ መሆኑን የነገረችው ፎጣውን አንሥታ ፊቷን ካበሰች በኋላ ነው።