እምቢ ያለው ዳዶ

በደርግ ዘመን ከጅማ እስከ ሰኮሩ የቡና ችግኝ ጣቢያዎችን የምዞርባት የመሥሪያ ቤት ሞተር ሳይክል ነበረችኝ። ያ መንገድ የማያላላው ነገር የለም። አንድ ክረምት ማርሚታዋ፣ ማለትም የጭስ ማውጫዋ፣ ከሲሊንደሩ ሥር ተሰነጠቀና ስትነሳ ሰፈር የምታናውጥ ሆነች።

ለሌላ ሰው ቢሆን የጆሮ ችግር ብቻ ነበር። እኛ ግን ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎብን፣ ሮብ ሮብ ከሰዓት በኋላ ጅማ ውስጥ በአንዲት መበለት ቤት ተደብቀን የምንጸልይ ጴንጤዎች ነበርን። የምንዘምረው እንኳ በሹክሹክታ ነው። ብንያዝ መጀመሪያ የሚታሰሩት መበለቷ እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን።

"ልጄ" አሉኝ መበለቷ አንድ ቀን፣ "እኛ እዚህ ትንፋሻችንን ውጠን ተቀምጠን አንተ እንደ ታንክ እየጮህክ ትመጣለህ። ወይ አሠራት ወይ ቅር።"

ተናደድኩ። እውነታቸውን ስለነበር ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ።

ከአጥራቸው ወዲያ ጋራዥ ያላቸው አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። ጉራቸው አይጣል ነው፤ የሽንኩርት ዋጋ ሲያወሩ እንኳ ወላሂ ሳይሉ አያልፉም። አዲስ ማርሚታ ይዤ ሄድኩ። አሮጌውን ከያዙት ሁለት ዳዶዎች አንዱ ወዲያው ተፈታ፤ ሁለተኛው ግን ዝገትና ሙቀት ከቡሎኑ ጋር አጣብቆት ንቅንቅ አልል አለ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና ቁልፉን ነጥቄ ልታገል ስል እጄን በጥፊ መቱኝ።

"ሱታ! ቀስ በል እንጂ! ቡሎኑ ከተቆረጠ እዚያው ውስጥ ነው የሚቀረው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።"

ዳዶውን በእሳት አጋሉት፤ ሻማ አስነክተውም ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ እስኪሰርግ ጠበቁ። ከዚያ፣ ከመፍታታቸው በፊት፣ መልሰው ትንሽ አጠበቁት። እብድ ናቸው እንዴ ብዬ ሳልጨርስ የቀበሌው ሊቀመንበር በሩ ላይ ቆመዋል።

"ይህች ሞተር ሮብ ሮብ ትሰማለች። እዚህ ሰፈር ምን ታደርጋለች?"

 አጥሩን ላለማየት መሬት መሬቱን አየሁ።

"ምን ታደርጋለች? እኔ ጋ ናታ!" አሉ ሽማግሌው ቀና ሳይሉ። "ይኸው ዳዶዋ እምቢ ብሎኝ፣ ይሄ ልጅ ሮብ ሮብ እያመጣ ይነዘንዘኛል። ጉልበት ካለዎት እስቲ ይሞክሩት!" ብለው በግራሶ የተለወሰውን ቁልፍ ዘረጉላቸው።

ሊቀመንበሩ የተተኮሰ ካኪያቸውን አይተው ወደ ኋላ አሉና ሄዱ።

ለሽንኩርት የሚምሉት ሰውዬ በዚያች ሰዓት አልማሉም። መዋሸቱን ዋሹ፤ የፈጣሪን ስም ግን አላስገቡበትም። የት እንደምሄድም ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ለካ ያ ማጥበቅ ዝገቱን ሰብሮት ኖሮ፣ ዳዶው ጥቂት ቆይቶ ተፈታ። አዲሱ ማርሚታ ተገጠመ፣ ሞተሯም ጭምት ሆነች።

"የሚቀጥለው ሮብም አምጣት" አሉኝ።

"ተሠራች አይደል እንዴ? ደግሞ ምን ልትሆን?"

"ማሎ፣ እባክህ፣ አልተሠራችም አልኩህ እኮ!"

ከዚያ ወዲያ ሮብ ሮብ ሞተሬን በራቸው ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያያት ቦታ አቆማለሁ። እሳቸው አሮጌውን ማርሚታ አጠገቧ ያጋድማሉ። እኔ በጓሮ አጥር ሾልኬ መበለቷ ቤት እገባለሁ። ገና ስንቀመጥ ከወዲያ ማዶ መዶሻቸው ይጀምራል፤ ያንን የማይረባ ቁራጭ ብረት ሲቀጠቅጡት ሰፈሩ ሌላ ነገር አይሰማም። በዚያ ጩኸት ተከልለን ድምፃችንን አውጥተን ዘመርን። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ ያን ያህል ዘምረን አናውቅም ነበር፤ መበለቷ አለቀሱ፣ እኔም አልቻልኩም። እግዜር ውለታቸውን ይክፈላቸው፤ እኔ ከፍዬ አልጨርሰውም።

የከሰዓት በኋላው ሰላት፣ አስር፣ ሲደርስ መዶሻው ዝም ይላል። ያኔ እኛም ዝም እንልና፣ ሰግደው እስኪነሱ እንጠብቃቸዋለን።