የሰጎኗ ቀሚስ

ልጅ እያለሁ እግሬ ከሌላው አካላቴ ቀድሞ ያደገ ይመስል ነበር። የሰፈራችን ልጆች "ሰጎን" ይሉኝና እያለቀስኩ ቤት እገባ ነበር። ከመሐል ኬንያ የመጣችው መምህራችን ሚስ ዋንጂሩ ለወላጆች ቀን ድራማ ጻፈች። በድርቅ ዘመን በአንዲት ኩሬ ስለሚጣሉ ወፎች ነው፤ የምታስታርቃቸው ሰጎን ናት። "ሰጎኗ አስካለ ትሁን" ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን የጠላሁትን እግሬን ያን ቀን ወደድኩት።

እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች። የጭነት መኪና ሹፌር የነበረውን አባቴን ተከትላ ከሸዋ ወርዳ፣ እሱ እኔ አፍ ሳልፈታ ሲሞት፣ ኬንያዊቷ ሞያሌ ውስጥ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ይዛ ቀረች። ሰው በእኔ ስም "ማማ አስካለ፣ ፉንዲ" ይላታል፤ ፉንዲ እዚያ ባለሙያ ማለት ነው። ማዕረጉ አማረ እንጂ እጇ ላይ የሚወድቀው የተቀደደ ሱሪ፣ የተተረተረ ጠርዝ፣ ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ ብቻ ነበር። አዲስ ጨርቅ የገዛ ሁሉ ወደ ገበያው ወንድ ሰፊዎች ነው የሚሄደው። መጣፍ የሴት፣ መቁረጥ የወንድ ነው ይባል ነበር። እማዬ ይህን ስትሰማ መኪናዋን ዘይት ትቀባለች። እስከ ዛሬ የዚያ ዘይት ሽታ ካፍንጫዬ አልወጣም።

ሚስ ዋንጂሩ የሰጎኗን ቀሚስ እንድትሰፋ ስትጠይቃት እማዬ ቃሏን ሳታስጨርሳት እሺ አለች። ማታ እራት ላይ ምክንያቱን ነገረችኝ። "የከተማው ሰው በሙሉ ይመጣል። ይሄ ቀሚስ ካማረ፣ አንድ ሰው እንኳ ቢሆን አዲስ ጨርቅ ያስቆርጠኛል።" እኔ የራሴን ጭብጨባ ነበር የማስበው። የእሷም ጉዳይ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሁለት ሳምንት ቤታችን የወፍ ጎጆ ሆነ። አካሉን ከተራረፈ ጥቁር ገበር ገጣጥማ ሰፋችው። ለታችኛው ዘርፍ እኔና የጎረቤታችን ልጅ ሎኮ የስኳር ጆንያ ፈታን፤ ክሩን በሻይ ቀቅለን፣ አድርቀን፣ በማበጠሪያ አበጠርነው። ላባ ለማግኘት ደግሞ ምግብ ቤቶቹን የዶሮ፣ የቡቲዬ መንደር እረኞችን የጅግራ እንለምናለን። ያገኘነውን በሳሙና አጥበን፣ ነፋስ እንዳይበትነው በቅርጫት ከድነን ስናሰጣው ሦስታችንም እንደ ፍየል እናነጥስ ነበር። እማዬ እያንዳንዱን ላባ በክር አስራ፣ እንደ ሣር ቤት ክዳን ከታች ጀምራ ወደ ላይ ትደረድረዋለች።

ደረቱ ላይ ስትደርስ ቆመች። "ሰጎን ናት ብለን የሰጎን ላባ ከሌላት ምኑን ሰጎን ሆነች?" አለች፤ ለራሷ ነበር የምታወራው። እኔ ግን ሰማሁ። የሎኮ አያት የአባ ጉዮ ቤት ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሦስት ነጫጭ የሰጎን ላባዎች ተሰክተው አይቼ ነበር። ሎኮን ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ መጨረሻ ላይ ከረሜላዬን ሰጠኋት። በቀሚሷ ሸሽጋ አመጣችልኝ። እማዬ ከየት እንደመጣ ስትጠይቀኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ከሜዳ ለቅመን ነው" አልኳት። በእርግጥም ከታች በሜዳው ሰጎን ይግጥ ስለነበር አመነችኝ። ሦስቱን ላባ ደረቱ ላይ ስትሰፋቸው ቀሚሱ ነፍስ የዘራ መሰለን።

በወላጆች ቀን ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ቀሚሱ በረንዳው ላይ ተሰቅሎ ሳለ አባ ጉዮ የተቀደደ ሽርጣቸውን ይዘው መጡ።

"ናጋ ነው፣ ማማ አስካለ?" ብለው ሰላምታ ሰጡና ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀሚሱ ላይ አረፈ። ከዚያ ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። "ይሄ ባሊ ከየት መጣ?"

"ልጆቹ ከሜዳ ለቅመው ነው፣ አባ።"

"ሜዳ ሂንጅሩ" አሉ፤ ሜዳ ላይ የለም ማለታቸው ነው። "የአባቴ ነው ይሄ።"

ቦረናዎች የሰጎንን ላባ ባሊ ይሉታል። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ባሊ ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚሰጠው። ለእኛ ጌጥ የመሰለን ነገር ለእሳቸው የአባታቸው ክብር ነበር። እማዬ ክው አለች። እኔን አየችኝ፤ ከዚያ እሳቸውን። በዚያች ከተማ የሰው አገር ሰው ናት፤ ነገ ሁሉም ሊያያት ሊመጣ፣ ዛሬ ሌባ ልትባል ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"እኔ ነኝ፣ አባ" አልኩ። "ሎኮ እምቢ ብላኝ ነበር። ለምኜ ያስመጣሁት እኔ ነኝ። እማዬ አታውቅም።"

እማዬ አልመታችኝም። ምላጭ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችና "የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ አስካለ። የዋሸሽበትን ክር አንቺው ፍቺው" አለችኝ። እንባዬ እየወረደ አንድ በአንድ ፈታሁ። አባ ጉዮ እያንዳንዱን ላባ በሁለት እጃቸው እየተቀበሉ፣ አገዳው አለመሰበሩን እያዩ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ሲጨርሱ "ባሊ አይወሰድም፣ ልጄ፤ ባሊ ይሰጣል" አሉኝ። ወደ እማዬ ዞረው ደግሞ "ፖሌ፣ ማማ። ልጅ ናት" አሉ፤ አይዞሽ እንደማለት ነው። ተነስተው ሄዱ። የተቀደደውን ሽርጣቸውን ግን እንድትጥፈው ትተውላት ነበር።

የቀሚሱ ደረት የተነጨ ዶሮ መሰለ። እማዬ ፊቷን ታጠበችና ቤት ገብታ ነጭ የዱቄት ከረጢት ይዛ ወጣች። ከረጢቱን በረጃጅም ቅጠል ቅርጽ ቆራርጣ፣ መሐሉን በክር አጠናክራ፣ ጎንና ጎኑን በመርፌ አንድ በአንድ እየፈታች ዘርፍ አደረገችው። ከዚያ የሚፈላ ማንቆርቆሪያ ላይ ስትይዘው እንፋሎቱ ዘርፉን ጠቀለለው፣ አለሰለሰው። ሎኮም አያቷ "ሂጂ፣ እርጃቸው" ብለው ልከዋት መጣች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘጠኝ ላባ ሠራን። መቀሱ እማዬ እጅ ውስጥ እንደዚያ ቀን ሲፈጥን አይቼው አላውቅም።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ቀይ አቧራና ነፋስ ነበር። እኔ ስገባ ነፋሱ ደረቴ ላይ ያሉትን ላባዎች አንስቶ አወዛወዛቸው፤ የጆንያው ዘርፍ ረጅም እግሬ ላይ ሹር ሹር አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። አባ ጉዮ ከፊት መስመር ተቀምጠዋል። ፊታቸው ሲከፋ አየሁና የድራማውን ቃል ልረሳ ነበር። ድራማው ሲያልቅ ዱላቸውን ተመርኩዘው መጡና ደረቴን አመለከቱ።

"ይሄስ የማን ባሊ ነው?"

"የዱቄት ከረጢት ነው፣ አባ" አለች እማዬ።

ጎንበስ ብለው ዳሰሱት። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። የዚያን ቀን የቀላለኝን ያህል በሕይወቴ ቀሎኝ አያውቅም።

በሳምንቱ ገደማ አባ ጉዮ ተጣጥፎ ያልተነካ ነጭ ጨርቅ ይዘው መጡና የእማዬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ለበዓል የሚለብሱት ነበር። ገበያተኛው ሁሉ እያየ "ቁረጪ" አሏት። እማዬ መቀሷን አነሳችና ቆመች። ጨርቁን በእጇ እየዳሰሰች በጣም ብዙ ቆመች፤ ከዚያ ቆረጠች። እሳቸውን አይቶ ሌላው መጣ፣ ሌላውን አይቶ ሠርገኛው መጣ።

አሁን የእኛው ከተማ ልጆች ለድራማ ቀን የሚለብሱት ቀሚስ ከናይሮቢ በአውቶቡስ ይመጣል። ላባው ፕላስቲክ ነው፣ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ልጆቹም ሲለብሱት ያምርባቸዋል፤ አልከፋኝም። እማዬ አርጅታለች፤ ግን ሰው አዲስ ጨርቅ ማምጣቱን አልተወም፣ እሷም መቁረጧን አልተወችም። ዛሬም ጨርቁን ትዘረጋና መቀሷን ይዛ ትንሽ ትቆማለች። ልጅ ሳለሁ እንዳታበላሸው የፈራች ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳያት ደስታዋን ማስረዘሟ ነው።