የጥለቱ ክር

ወንድ ልጄ እህቱን ይገድላታል ብዬ የፈራሁት በነጠላ ምክንያት ነው። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሰው ይኖራል። የሚስቀው ግን የዚያን ሰሞን ሸዋ ሮቢት ገበያ ያልነበረ ሰው ነው።

ቤታችን የሸማኔ ቤት ነው። የባሌ አባት ከአሊዩ አምባ ወደዚህ ሲመጣ ይዞት የመጣው ይህን ሙያ ብቻ ነበር። ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የሞተው ሸማ ጀምሮ ነው። ለቅሶው ሲያበቃ ልጄ እግሩን አባቱ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ የቀረውን ጨረሰው። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ጉድጓድ አልወጣም። እኔ እፈትላለሁ፣ እሱ ይሠራል፣ ታናሽ እህቱ ገበያ ወስዳ ትሸጣለች። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

ኋላ የቻይና ነጠላ መጣ። ጥለቱ በማሽን የታተመበት፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ዋጋው ርካሽ። ከሩቅ ሲያዩት ከልጄ ሥራ አይለይም። ልጄ የሠራው ተሰቅሎ አቧራ ሲጠጣ ይሄኛው ብን ብሎ ይሄዳል። ሴት ልጄም ከወንድሟ ሥራ ጎን እሱን ሰቀለች።

ያን ቀን ከገበያ ስትመለስ ቆሞ ጠበቃት።

«አንቺ የገዛ ጉሮሮሽን ነው የያዝሽው» አላት። «ይሄ ጨርቅ ገና ድንበሩ ላይ ካልታገደ እኛ አለቀልን።»

«ይታገድ! ታግዶ ማሾ ስታርም የምትውለው ሴትዮ ምን ትልበስ? ያንተን ነጠላ ልትገዛ ላሟን ትሽጥ?»

«ድሮስ ምን ትለብስ ነበር?»

«ድሮማ ቡትቶ!»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም። ሻሿን አንገቷ ላይ ጠምዝዞ ከግድግዳው ጋር አጣበቃት። ፊቷ ሲጠቁር አየሁ። ጮህኩ፣ አልሰማኝም። ዘነዘናውን አንስቼ ጀርባውን አቀመስኩት፤ ያኔ ነው የለቀቃት።

«ሁለተኛ ይሄን ጨርቅ ሰቅለሽ ባይ በእጄ ነው የምትሞቺው» አላት።

እሷ አንገቷን እያሻሸች፣ «ሂድ ወዲያ! ሸማኔ ደግሞ መቼ ሰው ገድሎ ያውቃል? ቁጭ ብሎ ይውላል እንጂ» አለችው።

ምላሷ ያስፈራኝ የእሱን እጅ ያህል ነው። ደግሞ ሁለቱም ልክ ይመስሉኝ ነበር። አንዳቸው ቢሳሳቱ ኖሮ የተሳሳተውን ተቆጥቼ አርፍ ነበር። የወንድ ልጄ ዓይን በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሲደክም አያለሁ፤ የሠራውን የሚገዛው የለም። የሴት ልጄም ነገር እውነት ነው፤ ድሃ በሚችለው ነው የሚለብሰው።

ሸማኔዎቹን አዳራሽ ሰበሰቧቸው። የመጡት ሹማምንት «የሀገራችንን ምርት እንግዛ፣ የራሳችንን እንልበስ» ብለው ብዙ ተናገሩ አሉ። አንዱ ሽማግሌ ተነስቶ፣ «ታዲያ የውጩን ለምን አትከለክሉልንም?» ቢል «እሱ ከኛ በላይ ነው፣ ይታያል» ተባለ። ወጣቶቹ ከዚያ ሲወጡ ፊታቸው ሌላ ነበር። ልጄ እቤት ገብቶ እህል አልቀመሰም። «መንግሥት ካልከለከለ እኛ እንከለክላለን» አለ ለራሱ። በማግስቱ ዱላውን ቅቤ ሲቀባ አየሁት። እኛ አገር ወንድ ዱላውን ቅቤ ሲቀባ ምን ሊያደርግ እንደሆነ አይጠየቅም።

ሴት ልጄን እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። «በሞቴ፣ የነገውን ገበያ ቅሪ።»

«ሌላው ወጥቶ እኔ ልደበቅ? ምን ሰርቄ?»

«ይገድሉሻል!»

ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ልመናዬ አሳዘናት መሰለኝ፣ «እሺ እማዬ» አለች። «የቻይናውን እቤት እተወዋለሁ። የሱን ብቻ ይዤ እወጣለሁ። የገዛ ወንድሜን ሥራ ሰቅዬ ማን ይነካኛል?»

እውነቷን ነው አልኩ። አልሃምዱሊላህ ብዬ አብሬያት ሄድኩ።

ፀሐይዋ ከረር ስትል ከመናኸሪያው በኩል ጩኸት ተሰማ። ወዲያው ጭስ አየሁ። እኔ ጭስ አልችልም፤ አጣዬ ስትቃጠል የሸሹ ዘመዶቻችን ያረፉት እኛ ቤት ነበርና፣ ልብሳቸው ላይ የነበረው ሽታ ካፍንጫዬ አልወጣም። «ተነሽ እንሂድ» አልኳት። «ምን አለን? ተቀመጪ» አለችኝ።

ወጣት ሸማኔዎቹ ከዳስ ዳስ እየሄዱ በክብሪት ይፈትናሉ። ይሄ የሸማኔ ወግ ነው። ከሸማው መሐል አንድ ክር ተመዝዞ ይለኮሳል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። የፋብሪካው የላስቲክ ዘር ግን ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ሲበርድ ጥቁር ጠጠር ነው። የቀለጠበት ነጋዴ ዕቃው ይነዳል፣ እሱም ይቀጠቀጣል። ከፊታችን ያለውን ሰውዬ ጥርሱ እስኪረግፍ ሲመቱት በዓይኔ አይቻለሁ።

እኛ ዘንድ የመጣው የወንድ ልጄ ጓደኛ ነው፣ እሱም ሸማኔ። ልጅቷ የቻይና እንደምትሸጥ ያውቃል። የልጄን ነጠላ ጎትቶ አወረደና ከመሐሉ ክር ሊመዝ ሞከረ። እንቢ አለው። ጥቅጥቅ ብሎ የተመታ ሸማ ክሩን ቶሎ አይሰጥም። ከኋላው ያሉት «ቶሎ በል!» ይሉታል። በችኮላ ከጥለቱ መዘዘ።

«ከጥለቱ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ጥለት እኮ ማንም ከጥጥ አይሠራውም። ያ የሚያብረቀርቀው ባለቀለም ክር ድሮም ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ያለሱ ደግሞ ገዢ የለም። ይህን እሱ ራሱ ያውቃል፣ እቤቱ የሚሠራበት እሱኑ ነው። ግን ሰው ደሙ ሲፈላ የሚያውቀውን ይረሳል። ክሩ ቀለጠና ጣቱ ላይ ተንጠባጠበ።

«ላስቲክ ነው! እዚህም ተገኘ!»

ነጠላውን ለኮሱት፣ ዳሱን ጣሉት። ወንድ ልጄ ከሌላው ተራ በኩል ዱላውን እንደያዘ ሲሮጥ መጣ። ጭሱን አየ፣ እህቱን አየ፤ ሌላ አላየም። እሷ ክንዷን ወደ ላይ አነሳች። አጥንቱ ሲሰበር የሰማሁት ድምፅ ደረቅ ማገዶ ሲሰበር ያለ ነው። ላይዋ ላይ ተደፋሁ። ሁለተኛው ዱላ እኔ ዳሌ ላይ አረፈ። ያሳደግኩት እጅ ነው፤ ሳላየውም አውቀዋለሁ።

ከስሬ ሆና፣ «ያንተ ነው! አንተ የሠራኸው ነው፣ እየው!» ትላለች።

አየው። ሸማኔ የገዛ ጥለቱን አይስተውም። እሳቱን በባዶ እግሩ ረገጠው። ከዚያ ቀና ሲል ፊቱን አላውቀው አልኩ። ክብሪቱን የያዘውን ጓደኛውን አናቱን አለው። ልጁ ወደቀ። የወደቀውን ደገመው። ደሙ ጆሮው ውስጥ ሲሞላ አያለሁ፣ መነሳት አቃተኝ። «ያዙልኝ! በአላህ ያዙልኝ!» እላለሁ፣ የሚይዝ የለም፣ ሁሉም ወደኋላ ይላል።

የያዘችው እህቱ ናት። ክንዷ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሎ በደረቷ ተሳበችና በደህናው እጇ እግሩን ተጠመጠመችበት። «ተው ወንድም ዓለም! ነፍስ ታጠፋለህ!» ይጎትታታል፣ አትለቅም። አቧራው አፏ ገብቷል፣ አትለቅም። ዱላውን ከፍ አድርጎ ወደ ታች አያት። ዱላው ከእጁ ወደቀ።

ጓደኛው ተርፏል፤ ባንድ ጆሮው አይሰማም። ጤና ጣቢያው በተፈነከተ ሰው ሞልቶ ስለነበር እሷን ወጌሻ ቤት ወሰድናት። ወጌሻው ክንዷን ዳብሶ፣ «የሚይዛት ጠንካራ ሰው አምጡ» አለ። ከሱ በቀር ሰው አልነበረንም። ከኋላዋ ተቀምጦ አቀፋት። አጥንቱ ሲሳብ እጁን፣ አውራ ጣቱ ሥር ያለውን ሥጋ፣ ነከሰችው። ደሙ በአገጯ ወረደ። አላነሳውም። ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ እላለሁ እኔ።

ታስሮላት ሲያበቃ አፏን በሻሿ ጠረገች።

«የምሸጠውን እሸጣለሁ» አለችው።

የተነከሰ እጁን እየጠረገ፣ «ሽጪ» አላት።

«የቻይናውንም።»

«ሰምቻለሁ። ሽጪ።»