ማመልከቻ በዳዊት ዜማ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሶስና ኮምፒዩተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የቆሎውን ሳህን አጠገቧ አስጠግታ፣ በእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ ስትጽፍ ቆየችና ድንገት ቀና ብላ፣ «አያቴ፣ ከ‘አካውንታንት’ በፊት ‘ኤ’ ነው ‘ዘ’ የሚገባው?» አለችኝ። መቀለዷ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ጋር ትውውቅ ያለኝ አይመስላትም። እኔ ግን እጄ ሳላዝዘው ወደ ሳህኑ ሄደና ከቆሎው መሃል አንዲት ፍሬ አነሳ፤ ሌላው እጄ ደግሞ የሚመታው ምሰሶ ፍለጋ ተዘረጋና የኮንዶሚኒየሙን ባዶ ሳሎን ሲዳስስ ቀረ።

ቤታችን ከልደታ ማርያም ቁልቁል የምትገኝ የሣር ክዳን ቤት ነበረች፤ መሃሏን አንድ ወፍራም የጥድ ምሰሶ ይዟት፣ ክረምት በገባ ቁጥር ምሰሶው እርጥበት እየጠጣ ገና ዛሬ የተቆረጠ ይመስል ይሸት ነበር። ዛሬ ቦታዋ ከእኛ ሕንጻ ሥር ይሁን ከጎረቤቱ ሥር ለይቼ አላውቀውም። ዘመኑ የጣሊያን ዘመን ነው። አባቴን በዚያ ክፉ የካቲት ከመንገድ ወስደውት አልተመለሰም፤ ለእናቴ የቀረናት እኔ፣ ጥርሴን የምነቅል ሴት ልጅ፣ እና ጢሙ ማቀምቀም የጀመረው ታላቅ ወንድሜ ተክሌ ብቻ ነበርን። የተማረ ሰው እየታደነ ያለቀበት ጊዜ ስለነበር፣ እናቴ ሌት ተቀን የምትለምነው ልጇ ፊደል ከማይጠረጠርበት ሥራ ላይ ውሎ እንዲገባላት ነበር።

እግዜር ግን ጋሼ ብሥራትን ጓዳችን አስገባላት። ከወረራው በፊት በአንድ የውጭ አገር ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ የነበሩ፣ ቀጭን፣ ኮታቸው በክር ብዛት የቆመ ሰው ናቸው፤ መጠለያ አጥተው መጥተው እንግድነታቸው ዓመታት ቆየ። ስለ መጠለያው በሚያውቁት ለመክፈል ብለው ተክሌንና ሁለት የሰፈር ጓደኞቹን እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመሩ፤ ያን ጊዜ እንግሊዝኛ ማወቅ ጠመንጃ ከመደበቅ አይተናነስም። ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ፣ ሁሉም በቃል ነው። ድምፁ ወደ መንገድ እንዳይወጣ ደግሞ ያገኙት መላ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል፤ ልጆቹ ዳዊት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እንግሊዝኛውን በቄስ ትምህርት ቤት ዜማ፣ በውርድ ንባብ ያወርዱታል። ከአጥር ውጭ ለሚያልፍ ሰው ቤታችን ዘወትር ከሰዓት በኋላ ዳዊት የሚደገምባት የጻድቃን ቤት ነበረች።

የሚማሩትም ሌላ አልነበረም፤ የሥራ ማመልከቻ ብቻ። ለማን? ለኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች! ንጉሡ ባሕር ማዶ፣ መሥሪያ ቤቶቹ በጣሊያን እጅ፣ እነዚህ ሰዎች ግን ከጭቃ መደብ ላይ ተቀምጠው ለሌለ መንግሥት ሥራ ያመለክታሉ። ጋሼ ብሥራት ሲጠየቁ፣ አገር ስትመለስ ሠራተኛ ትፈልጋለች፣ ያን ቀን ቆመን አፋችንን እንዳንይዝ ነው ይሉ ነበር። ተክሌ መጀመሪያ ላይ በአገራችን ወግ ውዳሴውንና እጅ መንሣቱን አርዝሞ አርዝሞ፣ የሚፈልገውን ሥራ ሳይጠራ ይጨርስ ነበር፤ የሹመት ስም ጠርቶ መለመን ነውር ነዋ! ጋሼም ሆዳቸውን ይዘው ይስቁና ከቆልኩት ቆሎ አንዲት ፍሬ ያነሳሉ። «ከብዙዎቹ አንዱ ልሁን ስትል እንዲህ ነው፤ ኤ ክለርክ።» ከዚያ ተነሥተው ምሰሶውን በመዳፋቸው ቷ ያደርጉታል። «ለአንድ ቤት አንድ ሲሆን ደግሞ እንዲህ ነው፤ ዘ ሄድማስተር።» ርእሰ መምህር ማለታቸው ነው። የራሳቸው ማመልከቻ ሁልጊዜ ለዚያው ነበር፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርነት። እሱን ሲያወርዱ ድምፃቸው ይለወጣል፤ እኔም ቆሎ ማመሴን ትቼ አፌን ከፍቼ እሰማ ነበር። እናቴ በበኩሏ ማመልከቻው ባለቀ ቁጥር ከጓዳ ሆና ድምጿን ከፍ አድርጋ «አሜን!» ትላለች። ዳዊት መስሏት ነው ብለን ስንት ቀን ተሳሳቅንባት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ተክሌ ድምፁን ለቆ ሲያወርድ በሩ ተገፋ። አንድ የጣሊያን ወታደርና ለጣሊያን ያደረ አንድ ባንዳ ደጃፉ ላይ ቆሙ። የእናቴ እጅ ትከሻዬን ጨምድዶ ያዘው። ተክሌ ቢያቆም ያስጠረጥራል፣ ቢቀጥል ያስይዛል፤ ላቡ ዳዊቱ ላይ እየተንጠባጠበ ቀጠለ። ባንዳው ዳዊት መድገም ለምዶ ያደገ ሰው እንደነበር የአንገቱ አዘነባበል ያስታውቃል፤ ቤተ ክህነት ያደገ ሰው ደግሞ ይኼ ዳዊት አለመሆኑ አይጠፋውም። ወታደሩ በቋንቋው አንድ ነገር ጠየቀው። ባንዳው እጆቹን ለጸሎት እንደሚገጥም ሰው ገጥሞ አሳየውና፣ ወደ እኛ ዞሮ፣ «ዜማው በዝቷል። ዳዊት እንዲህ አይጮህም፤ ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙ» አለን። መቃኑን ተሳልሞ ወጣ።

የዚያን ሰው ስሙን እንኳ አላውቅም። ባንዳ ሲባል ደሜ ይፈላል፤ እሱን ሳስብ ግን እስከ ዛሬ ምን እንደምል ይጠፋኛል። ሲሄዱ ተክሌ እናቴ እግር ላይ ወድቆ፣ ስናሰማት የኖርነው ዳዊት ሳይሆን የሥራ ልመና መሆኑን ነገራት። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «አንተ ቂል፣ የዳዊትን ቃል የማላውቅ መሰለህ? ልጄን ከሰው እኩል አቁምልኝ ማለት ጸሎት ካልሆነ ታዲያ ጸሎት ምንድን ነው?»

ጋሼ ብሥራት ነፃነቱን አላዩም። አንድ ክረምት ሲቀረው ሳንባቸውን ታመው ጓዳችን ውስጥ አረፉ። አስከሬናቸው ፊት ዳዊት ሲደገም ተራው ለተክሌ ደረሰው፤ እሱም ከዳዊቱ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል፣ በዚያው ዜማ፣ የመምህሩን ማመልከቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወረደው። ለቀስተኛው አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል። እናቴ ብቻ ቀና ብላ «አሜን» አለች።

አገር ተመልሳ ተክሌ ትምህርት ቤት ለመቀጠር ሲሄድ፣ አንድ እንግሊዛዊ ሹም ማመልከቻህን በቃልህ ንገረኝ ቢለው፣ አፉ የሚያውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነውና በውርድ ንባብ ለቀቀው። ሰውየው ሳይስቅ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ የት ተማርክ፣ ስላንተ ማንን ልጠይቅ አለው። ወንድሜም «ልደታ፣ ከአቶ ብሥራት ትምህርት ቤት። ርእሰ መምህሩ ግን ዐርፈዋል» ብሎ መለሰ። ሥራውን አገኘ፤ እሳቸውም በዚያች ቃል ሹመታቸውን አገኙ።

ተክሌም ዐረፈ፣ ሁለቱ ጓደኞቹም ዐረፉ። ማመልከቻ በዳዊት ዜማ የሚያወርድ ጉሮሮ በልደታ የቀረው የእኔው ብቻ ነው፤ እሱም ከእኔ ጋር ያልቃል። ለሶስና ያነሳኋትን የቆሎ ፍሬ አሳይቼ «ከብዙዎቹ አንዷ ነሽና ያው ‘ኤ’ ነው» አልኳት፤ እሷም ከ‘አካውንታንት’ በፊት ‘ኤ’ ‘አን’ ሆና እንደምትጻፍ አረመችኝና ሳቀች። ጽፋ ጨርሳ አንዲት ቁልፍ ነካች። «በቃ አያቴ፣ ሄደ» አለች።

 መልስ የሚሰጥ ሰው ከጓዳ ጠበቅሁ። ማንም እንደሌለ ሲገባኝ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሜን» አልኩ።