ብዥ ያለው መሬትና የእናቴ በረራ

ባለፈው ሰሞን የወንድሜ የያሬድ ልጅ አኩርፎ ደወለልኝ። አውሮፕላን ማብረሪያ ጨዋታ ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ፣ ከሰማይ ቁልቁል ሲያይ መሬቱ ብዥ እያለ አስቸግሮታል። እንደ ዘመኑ ልጅ ኢንተርኔቱን ሁሉ አገላብጦ መፍትሔ ሲያጣ አባቱን ጠየቀ፤ አባቱ ደግሞ ሳቁ መጥቶ ከክፍሉ ወጣ። "አክስቴ፣ ምኑ ነው የሚያስቀው?" አለኝ። ልመልስለት ስል እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የዚያን ጊዜው ፍርሃት ትዝ አለኝ።

የእኔ ትውልድ ስለ ልጅነቱ ሲጽፍ ማር ያንጠባጥባል። የጨርቅ ኳሱ፣ ዝናቡ፣ የጎረቤቱ ፍቅር፤ ሁሉም ጣፋጭ ነበር ይለናል። የተገረፈ የለም፣ የፈራ የለም። እኔ የማውቀው ልጅነት ግን በአብዛኛው ፍርሃት ነው። ይናፍቅሻል ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ይናፍቀኛል፤ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ በስደት ነበርን። ክረምት ነው፤ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ረጥቦ ጫማ እየነጠቀ የሚያስቀርበት፣ ከመጭመቂያው የሚመጣው የሰሊጥ ዘይት ሽታ ከዝናቡ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ግቢያችንን የሚሞላበት ወቅት። አባቴ ቀድሞን አውስትራሊያ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። እናቴ፣ ያሬድና እኔ የጉዞ ተራችንን ስንጠብቅ ኖረን በዚያ ክረምት ተጠራን፤ በትንሽ አውሮፕላን ከከሰላ ወደ ካርቱም፣ ከዚያ በትልቁ ወደ አባቴ። በረራው ካመለጠን ተራው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ጎረቤት እልል አለ። እናቴ ግን፣ ከአርማጭሆ እስከ ሱዳን ጠረፍ በእግሯ የመጣችው፣ ኡም ጋርጉር ካምፕ ድንኳን ውስጥ ሁለት ልጆች የወለደችው እናቴ፣ አውሮፕላን የሚለውን ቃል ስትሰማ ከንፈሯ ይደርቃል።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ ልጇን ለመጠየቅ ጅዳ ደርሳ ስለመጣች የሰፈራችን የበረራ ሊቅ እሷ ነበረች።

"ወላሂ ምንም የለውም፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴዋ!" አለቻት አንድ ቀን። "ዓይንሽን ጨፍነሽ ትቀመጫለሽ፣ ምግቡ ሲመጣ ትገልጫለሽ። ኸላስ፣ አለቀ!"

"ቢወድቅስ?"

"ቢወድቅማ በልተሽ ነው!"

እትዬ ዘሐራ ከት ብላ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ልጆቹ ይሂዱ፣ ዘሐራዬ። አባት አላቸው። እኔ እዚሁ ካንቺ ጋር እቀራለሁ" ስትል ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰማኋት። አሥር ዓመቴ ነበር።

የሰማሁትን ለያሬድ ነገርኩት። ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ ቤቱ የጣለውን ኮምፒውተር ጠጋግኖ አምጥቷል። አስቦ አስቦ፣ "ሰው የሚፈራው ያላወቀውን ነው፤ እናሳያት" አለ። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ የሚሉ ብዙ ወፋፍራም መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ከጸሐፊዎቹ አንዳቸውም ከእናቴ ጋር ተቀምጠው አያውቁም።

ያሬድ ጓደኛው ከካርቱም ባመጣለት ሲዲ የበረራ ጨዋታውን ጫነ፤ እናቴን በገመድ አልጋው ላይ አስቀምጦም በጨዋታው ከከሰላ ተነሣ። እናቴ ከሰላን ታውቀዋለች፤ ለገበያ ስትመላለስበት ኖራለች። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል ግን ከሥሩ የታየው ከሰላ ሳይሆን አረንጓዴና ቡናማ የተለወሰበት የተደፋ ሽሮ ነበር።

"ይኼ የፈሰሰው ምንድን ነው?"

"መሬቱ ነው፣ እማ።"

"ነጂውም የሚያየው ይኼንኑ ነው?"

"አይ፣ እውነተኛው ላይማ ጥርት ብሎ ነው የሚታየው።"

"እና ያንተው ነጂ ብቻ ነው የታወረ? ወይ ልጄ! አህያ እንኳ ኮቴዋን የምታሳርፍበትን ታያለች" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የያሬድ ሥራ መሬት ማጥራት ሆነ። መጀመሪያ ጥፋቱ የሙቀቱ ነው ብሎ የኮምፒውተሩን ሆድ ከፈተና ማራገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ በቀለም ብሩሽ ጠረገ። አልጠራም። የምስሉን ጥራት ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ምርጫ እስከ መጨረሻው ገፋው፤ አውሮፕላኑ እንደ ሰካራም ይንገዳገድ ጀመር፣ መሬቱ ግን ያው ሽሮ። ከጓደኛው ሚሞሪ ተውሶ ሰካ፤ ትንሽ ተሻለውና መልሶ ደበዘዘ። የእኔ ድርሻ መስኮቱ ላይ በሰቀልነው ጆንያ ላይ ውኃ እያርከፈከፍኩ ክፍሉን ማቀዝቀዝና መሬቱን መጠበቅ ነበር። "ጠራ?" ይለኛል። "አልጠራም።" መብራት ይሄዳል፤ እንጠብቃለን፤ ሲመጣ እንደገና እንጀምራለን።

ያሬድ ዓይኑ መሬቱ ላይ ስለሆነ አውሮፕላኑን የያዘው እሱ መሆኑን ይረሳዋል። እየደጋገመ ይከሰከሳል። "ማፊ ሙሽኪላ" ይላል፤ ችግር የለም ማለቱ ነው፤ አንድ ቁልፍ ነክቶም ከከሰላ እንደገና ይነሣል። እኔ ግን እያንዳንዱን አደጋ ቆጥቤ አስቀምጥ ነበር። ተራራ ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ የኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ ይሆናል ብዬ የገመትኩት ሰማያዊ ነገር ውስጥ። በዚህ ላይ የጉዟችን ቀን እየቀረበ ነው። እናቴ የያሬድንና የእኔን ልብስ አጥባ፣ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተች፤ የራሷን ቀሚስ ግን ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አላወረደችም። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ያን ቀሚስ አያለሁ።

አንድ ቀን እናቴ ለምሳ ስትጠራን ያሬድ አውሮፕላኑን አየር ላይ እንደተንጠለጠለ አቆመው፤ ጨዋታው ያን ይፈቅዳል። በልተን ስንመለስ መሬቱ ጠርቷል። ዛፉ ዛፍ፣ ጣሪያው ጣሪያ ሆኗል። ያሬድ ግንባሩን መታ። ኮምፒውተሩ አልታመመም፤ እኛ ነን የተቻኮልንበት። አውሮፕላኑ የሚበርበትን ያህል ፈጥኖ መሬቱን ከዲስኩ እያነበበ ማቅረብ አልቻለም። ቀስ ብሎ ለሚበር ይደርስለታል።

እየጮኽን እናቴን ጎትተን አመጣናት። ያሬድ እንደ ሽማግሌ ፈረስ ቀስ እያለ በረረ። እናቴ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ መንገዱንና ቤቱን በዓይኗ ተከተለች።

"ጠራ አይደል፣ እማ?"

"ጠራ። እጅህ ይባረክ።" ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት ጠጋ አለች። "ሰዉስ?"

"የቱ ሰው?"

"ቤቱ ይኸው። መንገዱ ይኸው። አንድ ሰው የለም፣ ከብት የለም፣ ልብስ ያሰጣ የለም። የወደቀ እንደሆን ማን ያነሣዋል?"

"ያላዩት አገር አይናፍቅም" አለችና ወጥታ ሄደች። ያሬድ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ማስተካከያውን ከፍቶ ከላይ እስከ ታች ፈለገ። ደመና የሚጨምር አለ፣ ዛፍ የሚጨምር አለ። ሰው የሚጨምር የለም። እናቴ ከመውደቅ ሌላ፣ ስትወድቅ የሚያነሣት ሰው የሌለበትን አገርም እንደምትፈራ ያን ዕለት ገባኝ፤ ጭንቀቴም በእጥፍ ጨመረ።

በጉዞው ቀን፣ "እስከ ከሰላ ልሸኛችሁ" ብላ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። እትዬ ዘሐራም አብራን መጣች፤ ያን ቀሚስ ከገመዱ ላይ አውርዳ፣ በላስቲክ ከረጢት ይዛ። "ምናልባት ብትሄጂ" አለችና እናቴ እጅ ላይ አስቀመጠችው። እትዬ ዘሐራ ከአየር ማረፊያው አጥር ውጭ ቀረች። የእናቴ ስም የተጓዦቹ ዝርዝር ላይ ከእኛ ጋር ስላለ እስከ አውሮፕላኑ ደረጃ አስገቧት።

ሐሳቤ እንዳትቀር እግሯን ይዤ ማልቀስ ነበር። ደረጃው ሥር ስደርስ ግን ቀና ብዬ ክንፉን አየሁ፤ ከክንፉ ኋላ የከሰላን ተራራ አየሁ። ያሬድ ሲላተመው የከረመው ተራራ ነው። መሬት ላይ ዘፍ ብዬ፣ "አልወጣም! ይወድቃል! አይቻለሁ፣ ይወድቃል!" እያልኩ ጮኽኩ። ያሬድ ሲጎትተኝ ነከስኩት። አስተናጋጁ ሱዳናዊ፣ "ያላ! ያላ!" እያለ ያቻኩለናል።

እናቴ ጎንበስ ብላ አየችኝ። ያን ሁሉ ሳምንት የደረቀው ከንፈሯ ተገጥሟል።

"ተነሺ። ምን አባቱ ይወድቃል! እኔ እያለሁ?"

እንዲህ ያለ መከራከሪያ በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም፤ በሳይንስ ሚዛን ቢቀመጥ ገለባ ነው። እኔ ግን አመንኳት። ብብቴን ይዛ አነሣችኝና አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ታች ሳታይ ደረጃውን ተሸክማኝ ወጣች። አጠገቤ ተቀምጣ ቀበቶዬን ስታስርልኝ ያሬድ፣ "እማ፣ ገባሽ እኮ!" አላት።

"ዝም በል፤ ልጅቷን አታስፈራራብኝ" አለችው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያን ቀን አልፈራሽም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። "እንዴት አልፈራ!" አለች። "ግን አንቺ ቀደምሽኝ። ሁለታችንም ብንፈራ ማን ይወጣ ነበር?"

አሁን እኔ ያኔ የነበረችበትን ዕድሜ አልፌያለሁ። እሷ ደግሞ በየጊዜው ጎንደር ደርሳ እየመጣች የአውሮፕላን ምግብ የምታማ አሮጊት ሆናለች። የምትፈራው ሐኪሟን ነው። ባለፈው ማክሰኞ የልቧን ምርመራ ውጤት ልንሰማ ሄደን፣ አሳንሰሩ ፊት ስንደርስ ቆመች። "እንመለስ፤ ሌላ ቀን እንመጣለን" አለችኝ። እኔም መመለስ ፈልጌ ነበር፤ ከእሷ ይበልጥ ሳልፈልግ አልቀርም። ያኔ ቢሆን መሬት ላይ ተቀምጬ እጮኽ ነበር። ትውልዴ ይቅር ይበለኝና፣ ከልጅነት ጋር ካጣነው ነገር ሁሉ የሚቆጨኝ ኳሱም ዝናቡም አይደለም፤ ቀድሞ የመፍራት መብት ነው። አሁን ያ መብት የእናቴ ነው። በአንድ እጄ ክንዷን ይዤ፣ በሌላው የአሳንሰሩን ቁልፍ ተጫንኩላት።