መካን የተባለው ኢሮኮ

ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ኃላፊዋን «ክብሪት» ነው የሚላት። ለመንደድ ምክንያት አይጠፋትም፤ አፈሩ ሳይነፋ ፕላስቲክ ውስጥ ከተሞላ ትነዳለች፣ የውኃ ጎማ ተከፍቶ ካደረ ትነዳለች። ግን ቶሎ ትበርዳለች። አክስቷን ሐኪም ቤት አስታማ የተመለሰች ዕለት ግን አልበረደችም።

ከችግኝ መደቦቹ ጀርባ የነበረው ትልቁ የኢሮኮ ዛፍ መሬት ላይ ተጋድሟል። ጉቶው ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ያነባል። ታናሽ ወንድሟ አጠገቡ ቆሞ መጋዙን ይወለውላል። የጣቢያው ዘር ለቃሚ እሱ ነው፤ በየዓመቱ ማዶ ያለችው ኢሮኮ ላይ በገመድ ወጥቶ ፍሬዋን የሚያወርደው።

«እንዴት ነው እትዬ? ለመደቦችሽ ፀሐይ አወጣሁልሽ።»

«ማን ቁረጥ አለህ?»

«ማንም። ላስደስትሽ ብዬ ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ቆሞ አንድ ፍሬ አላየንበትም እኮ። መካን ነው። ያቺኛዋ በየዓመቱ ታሸክመናለች፣ ይሄ ቦታ ይዞ ተገትሯል።»

ክብሪት «መካን» የምትለዋን ቃል ታውቃታለች። የቀድሞ ባሏ እናት ሻንጣዋን በር ላይ አውጥተው የሸኟት በዚያች ቃል ነው። «አብረን እንመርመር» ብትለው ባሏ «እኔ ምን ሆንኩና» ብሎ ቀረ። ከእሷ በኋላ ሁለት ሚስት አገባ፤ እስከ ዛሬ በዚያ ቤት ሕፃን አላለቀሰም። እሱን ግን መካን ያለው የለም።

ወንድሟ ምን እንደተናገረ ዘግይቶ ገባው። ዓይኑን መጋዙ ላይ ተከለ።

«ይሄ ወንዱ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ለሚያውቃት ይህ ከጩኸት ይብሳል። «ኢሮኮ ወንዱ ለብቻው፣ ሴቷም ለብቻዋ ነው የሚበቅሉት። የወንዱን አበባ ዱቄት ነፋስ ይወስድላታል፣ ያኔ ታፈራለች። ስታሸክምህ የኖረችው እሱ ስላለ ነው።»

«ማን ነገረኝ?»

«መቼ ጠየቅህ? ፈርደህ ጨርሰሃል።»

በዙሪያው የነበረው ደን ተጨፍጭፎ አልቋል። በተራቆተው ዳገት ላይ የሚተከለው የኢሮኮ ችግኝ ሁሉ የሚፈላው ከዚያች ከአንዲቱ ሴት ዘር ነው፤ ዘሩ ደግሞ ተቀምጦ አይቆይም። የዘንድሮው ካመለጠ መደቡ ባዶውን ይከርማል።

ወደ ወደቀው ዛፍ ጫፍ ሄደች። ከየቅርንጫፉ ረጃጅም ነጫጭ አበቦች እንደ ሻሽ ዘርፍ ተንጠልጥለዋል። አንዱን ይዛ እጅጌዋ ላይ አራገፈችው። ቢጫ ዱቄት በነነ። ቀና ብላ ማዶ ያለችውን አየች፤ ቅጠሏን አራግፋ አጫጭር አረንጓዴ አበቦቿን አውጥታለች።

«ገመድህን አምጣ» አለችው። «መጋዙን ወዲያ በልልኝ፣ በመቀስ ነው የምንቆርጠው።»

አበባ ያለበትን ቅርንጫፍ እየቆረጠች በእቅፍ በእቅፍ አሰረች። እሱ እቅፉን ወገቡ ላይ ታጥቆ ማዶ ያለችው ዛፍ ላይ ወጣ፣ ከቅርንጫፏ ጋር አሰረ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ።

«እትዬ፣ ጉንዳን ጨረሰኝ።»

«ካስተረፈህ ከዚያ ወዲያ እሰር። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው ያልኩህ።»

«እጄ ዛለ።»

«ሲቆርጥ አልዛለም?»

እስኪመሽ አንዲት ጊዜ እንኳ እረፍ አላለችውም። ውኃ የላከችለትም በገመድ ነው፤ ወርዶ እንዳይጠጣ።

ፍሬው ሲደርስ ነፋስ የሚያገኘው ጎን ብቻ ነበር የያዘው፤ እንደ ወፍራም ጣት ያለ አረንጓዴ ፍሬ። በሌላው ጎን አንድም የለ። የሌሊት ወፎች ቀድመው ሳይጨርሱት ወንድሟ አወረደውና ቅርጫቱን እግሯ ሥር አኖረ።

«ይኸው አፈራች። እንታረቅ በቃ።»

«ለዘንድሮ ነው ያፈራችው። ለከርሞ ምን ልታስርባት ነው?»

ፍሬውን አፍርጣ አጠበችና ደቃቁን ዘር በወንፊት አጠለለች። ወንፊቱን እጁ ላይ አስቀመጠችው።

«ዝራ። ወንዱን ከሴቷ እስኪያብቡ ድረስ መለየት አይቻልም፤ እስከዚያ አንተም እኔም አርጅተናል። ስለዚህ መርጠህ አታጠጣም፣ መርጠህ አትነቅልም። ሁሉንም ታሳድጋለህ።»

«እሺ እትዬ።»

«ጠጋ ጠጋ አታድርገው» አለችው፤ አሁንም አልበረደችም።